የሞተረኛ መነጽር ከሄልሜቱ ይጀምራል

ሄልሜት ሲያጠልቁ መነጽራቸውን አውልቀው ኪስ የሚከቱ ሞተረኞች ጥቂት አይደሉም። ለምን ቢባሉ አንዱ «ጆሮዬን ያመኛል» ይላል፤ ሌላው «እንፋሎት እየሸፈነው አላይም» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኛል» ይላል። ልብ ብሎ ለሰማቸው፣ ከሦስቱ አንዱም የዓይኔ ቁጥር ተሳስቷል አላለም። ሐኪሙ በትክክል ለክቷል፤ መነጽር ቤቱም የታዘዘውን ሠርቷል። የጎደለው ሰውየው ሞተር እንደሚነዳ የጠየቀም የነገረም አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይልቅ ያሳስባል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለተደረገ፣ በከተማዋ የሚታየው ሞተር ይበልጡን የሥራ ሞተር ነው፤ ምግብና ዕቃ የሚያደርስ፣ ሰነድ የሚያዞር። የኤሌክትሪክ ሞተርም እየተጨመረ ነው። በክልል ከተሞችም ሞተር ለብዙ ወጣት የእንጀራ ገመድ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የሚውል ሰው አቧራውን፣ ዝናቡንና የማታውን መብራት ሁሉ በዓይኑ ይቀበላል። ለእሱ መነጽር ከፍሬን ሸራና ከጎማ ጋር የሚቆጠር የሥራ ዕቃ ነው፤ ሲመረጥም እንደዚያው መመረጥ አለበት።

ማውለቁ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። ሩቁን ለማየት የሚቸገር፣ ማይነስ 1.00 ያለበት ሰው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 1 ሜትር ብቻ ነው። ማይነስ 2.00 ያለበት እስከ 50 ሴንቲሜትር፣ ማለትም እስከ መሪው ገደማ ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ደግሞ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ክዳኑ የተሰረቀን የፍሳሽ ጉድጓድ ግማሽ ሴኮንድ ዘግይቶ ማየት ከ8 ሜትር በላይ የፍሬን ርቀት መክሰር ነው። መኪና ጉድጓድ ቢገባ ጎማው ይጎዳል፤ ሞተር ቢገባ ሰውየው ይወድቃል።

መጀመሪያ ሄልሜት፣ ቀጥሎ ፍሬም

ቅደም ተከተሉ ሄልሜት፣ ፍሬም፣ ሌንስ ነው። ሲገለበጥ ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚብስ ነገር ይመጣል። በጣም የተለመደው ስህተት መነጽሩ እንዲገባ ተብሎ በቁጥር ከፍ ያለ ሄልሜት መግዛት ነው። ሰፊ ሄልሜት ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ጭንቅላት ላይ ይዞራል ወይም ይወልቃል። ሄልሜቱ ያለ መነጽር ሲጠለቅ ጉንጭን ከሁለቱም በኩል እኩል ይዞ፣ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ መነቅነቅ አለበት። መነጽር የሚገባበትን ቦታ ማግኘት ያለብን በዚህ ልክ ውስጥ ነው። በጉንጭ ስፖንጃቸው ላይ ለመነጽር ክንድ የሚሆን ቦይ የተሠራላቸው ሄልሜቶች አሉ፤ ምርጫ ካለ እነሱን መውሰድ ነው። ቦይ ከሌለ ለስላሳውን ስፖንጅ ጥቂት ማሳሳት ይቻላል። ከስፖንጁ ጀርባ ያለውን ነጭ ጠንካራ ፎም ግን በቢላ መፋቅ አይገባም። ሰው ሲወድቅ ግጭቱን የሚቀበለው እሱ ነው፤ የተፋቀበት ቦታ ላይ ጭንቅላት መከላከያ አይኖረውም።

የፍሬሙ ቁልፍ ክንዱ ነው፤ ከማጠፊያው ተነስቶ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክፍል። ፋሽን የሆነው ወፍራም ፕላስቲክ ክንድ ከሄልሜቱ ስፖንጅና ከጆሮ በላይ ካለው አጥንት መካከል ይሰነቀራል። መጀመሪያ ምንም አይሰማም፤ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ግን ከጆሮ በላይ ይወጋል፤ ቀጥሎ ራስ ምታት ይሆናል። ለሞተር የሚሆነው ቀጭን፣ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ክንድ ነው፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቲታኒየም ወይም ቲአር-90 የሚባለው ተጣጣፊ ፕላስቲክ ተጨንቆም ቅርጹን ስለሚመልስ ተስማሚ ነው። የክንዱ ጫፍ ከጆሮ ጀርባ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ሄልሜት ውስጥ አይገባም፤ ስፖንጁን ይይዛል ወይም ጆሮን ያጥፋል። ጥሩ ባለሙያ ጫፉን አሙቆ ቀጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው።

በክንዱ ውስጠኛ ጎን የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ይጠቅማል። 52-18-140 ቢል፣ የአንዱ ሌንስ ስፋት 52፣ የአፍንጫው ድልድይ 18፣ የክንዱ ርዝመት 140 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በየዕለቱ የሚያደርጉት መነጽር ልክ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች መነሻ ያድርጉ። ክንዱ ከሚገባው በላይ ከረዘመ የሄልሜቱን የኋላ ስፖንጅ ይነካና መነጽሩን ወደፊት ይገፋዋል፤ ሰውየው መነጽሩ አፍንጫው ላይ እየተንሸራተተ እንደተቸገረ ይናገራል፣ አፍንጫው ግን ጥፋት የለበትም። የሌንሱ ቁመት ከበዛ ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ጉንጭ ስፖንጅ ላይ ይቀመጣል፤ ሄልሜቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መነጽሩም ይነሳል።

ፍሬሙ ሌንሱን ዙሪያውን የሚይዝ ይሁን። ግማሹን በናይሎን ክር የሚይዝ ፍሬም ሲመታ ሌንሱን ይለቃል፤ ፍሬም አልባውና በብሎን የተያያዘው ደግሞ የተበሳበት ቀዳዳ ላይ ይሰነጠቃል። የጎኑ ጠርዝም ወፍራም አይሁን፤ ወደ ትከሻ ዞሮ ለማየት በሚሞከርበት ጊዜ ሚኒባሱን የሚሸፍነው እሱ ነው።

እንግዲህ ሄልሜቱን ይዞ መነጽር ቤት መሄድ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሄልሜቱን መጀመሪያ ያጥልቁ፤ ከዚያ መነጽሩን በፊት ለፊት ክፍተት በኩል ሁለቱንም ክንዶች እኩል ይዘው ያስገቡ። ክንዱ ሳይጣመም በቀጥታ መንሸራተት አለበት። አገጭን ወደ ደረት፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ትከሻዎች ያንቀሳቅሱ። ሌንሱ ሽፋሽፍትዎን ከነካ ወይም ቪዘሩ (የሄልሜቱ መስታወት) ሲወርድ ፍሬሙን ከነካ ሌላ ይሞክሩ። ከዚያ እንደተጠለቀ ሃያ ደቂቃ ይቆዩ። ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ መቆም ረጅም ይመስላል፤ የማይመች ክንድ ግን ከዚያ በፊት አይታወቅም። ሲያወልቁ ከጆሮ በላይ ጥልቅ ቀይ ምልክት ካለ ያ ፍሬም ለእርስዎ አይሆንም። አወላለቁም ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ መነጽር፣ ከዚያ ሄልሜት። ተቃራኒው ማጠፊያውን ይሰብራል።

ሌንሱ ከምን ይሠራ?

ብርጭቆ ጭረት አይፈራም፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እስካሁን የሚወዱትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.5 ግራም ያህል ይመዝናል፣ የፕላስቲኩን እጥፍ መሆኑ ነው። ጠጠር ቢመታው ደግሞ ስለት ሆኖ ይሰበራል፤ ስለቱ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። ለሞተር ብርጭቆ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ተራው የፕላስቲክ ሌንስ ሲአር-39 ይባላል። ምስሉ በጣም ጥርት ያለ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በኃይል ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ቪዘሩ ራሱ የሚሠራበት ቁስ ነው፤ ክብደቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.2 ግራም፣ ሲመታ ከመሰበር ይልቅ ይጎደጉዳል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ ኮቲንግ (ስስ ሽፋን) ከሌለው አቧራ በሳምንታት ውስጥ ያበላሸዋል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል በጎን በኩል ሲያዩ በመብራትና በነጭ ነገር ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ጥላ ያሳያል። የሌንስ ባለሙያዎች ይህን በአቤ ቁጥር ይለኩታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ የቀለሙ መበተን ይበዛል። ፖሊካርቦኔት 30፣ ሲአር-39 ደግሞ 58 ነው። በመካከል ትራይቬክስ አለ፤ አቤ ቁጥሩ 44 ገደማ፣ ክብደቱ 1.1 ግራም፣ የመመታት ጥንካሬውም ከፖሊካርቦኔት የሚተካከል ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ እስከ 4.00 ድረስ ለሆነ ሰው ፖሊካርቦኔት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትራይቬክስ ካለ እሱን ይጠይቅ። በአገር ውስጥ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ግን ሌላውን አማራጭ መንገር ተገቢ ነው፤ 1.67 የሚባለው ቀጭን ሌንስ ወይም ሲአር-39 ዙሪያውን በሚይዝ ፍሬም ውስጥ ሆኖ፣ ሙሉ ፊት በሚሸፍን ሄልሜትና በተዘጋ ቪዘር ሥር ከሆነ ይሠራል። የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው ቪዘሩ ነውና። ቪዘሩን ከፍቶ ለሚነዳ ወይም ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት ለሚያደርግ ሰው ግን ይህ አማራጭ የለም።

የጥንካሬ ማረጋገጫ የሚሆን ምልክት አለ። በአሜሪካው ደረጃ ዜድ 87 ከተባለ በኋላ የመደመር ምልክት ካለው፣ 6.35 ሚሊ ሜትር የብረት ጥይት በሴኮንድ 46 ሜትር ያህል ተተኩሶበት ያለፈ ነው፤ ይህ በሰዓት ወደ 165 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአውሮፓው ኢኤን 166 ደግሞ ተመሳሳዩን የምትነግረው «ኤፍ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ናት። ምልክቱ ሌንሱ ላይም ፍሬሙ ላይም መኖሩን ይዩ። ጠንካራ ሌንስ ደካማ ፍሬም ውስጥ ቢገባ፣ ሲመታ ሳይሰበር ሙሉውን ወደ ዓይን ይወረወራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቅሬታ፣ ማታ ወደሚበተነው መብራት። ኮቲንግ የሌለው ሲአር-39 ከሚመጣው ብርሃን 8 ከመቶ ያህሉን፣ ፖሊካርቦኔት 10 ከመቶ ያህሉን በሁለት ገጾቹ መልሶ ያንጸባርቃል። ያ የተመለሰ ብርሃን በሌንሱና በቪዘሩ መካከል እየተላተመ እያንዳንዱን መብራት ሁለትና ሦስት ያደርገዋል። አንቲ ሪፍሌክሽን የሚባለው ኮቲንግ ይህን ወደ 1 ከመቶ ገደማ ያወርደዋል። ለሞተረኛ ከሚሸጡ ተጨማሪ ነገሮች ሁሉ ገንዘቡ የሚገባው ይህ ነው። ብሉ ከት እየተባለ የሚጨመረው፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው ሽፋን ለማታ መንገድ ምንም አይረዳም። ለማታ መንጃ ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ መነጽርም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ጨለማ ልብስ የለበሰን እግረኛ ቀደም ብሎ አያሳይም። ቢጫው ዓለም የደመቀ ስለሚመስል ነጂው በውሸት ይተማመናል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ኮቲንግ እያለም መብራቱ ከተበተነ ምክንያቱን ቆሞ መለየት ይቻላል። ሞተሩን አጥፍተው የመንገድ መብራት ይመልከቱ። ቪዘሩን ሲያነሱ ጨረሩ ከጠፋ ችግሩ የቪዘሩ ጭረት ነው፤ ቪዘር ይቀየራል። ካልጠፋ መነጽሩን በእጅዎ ይዘው ዓይንዎ ፊት እንደ ሰዓት ዘንግ ጥቂት ያዙሩት። ጨረሩ አብሮ ከዞረ ሌንሱ ላይ ጭረት ወይም ቅባት አለ። መነጽሩን ሙሉ በሙሉ ቢያወልቁም ጨረሩ ባለበት ከቀረ ከዓይን የሚመጣ ነው፤ በአብዛኛው ያልታረመ ወይም የተለወጠ አስቲግማቲዝም (የዓይን ጉባጤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆን) ይሆናል። ያኔ መሄድ ያለበት ወደ ዓይን ምርመራ ነው።

መሃሉ መሃል ላይ ካልዋለ

የሌንስ መሃል ከብሌኑ ፊት ለፊት መዋል አለበት። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ በመነጽር ቤት ቋንቋ ፒዲ፣ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ማዘዣው ላይ መጻፍ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ግን አይጻፍም። ማይነስ 4.00 ሌንስ ለእያንዳንዱ ዓይን በ3 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱም ወደ አፍንጫ ወይም ሁለቱም ወደ ጆሮ ቢስት፣ በሁለቱ ዓይኖች ላይ በድምሩ 2.4 ፕሪዝም፣ ማለትም ምስሉን ወደ ጎን የሚያሸሽ መታጠፍ ይፈጠራል። ቢሮ ውስጥ ትንሽ ድካም ይሰማል፤ ሞተር ላይ ግን ዓይኖች ቀኑን ሙሉ ከመስተዋት ወደ መንገድ ሲመላለሱ ስለሚውሉ ወደ ማታ ራስ ምታትና ርቀት መገመት አለመቻል ይመጣል።

አቀማመጥም ይለያል። ቀጥ ብለው በሚቀመጡበት የተለመደ የሥራ ሞተር ላይ ዓይን የሌንሱን መሃል ይጠቀማል። ወደፊት በሚያስጎነብስ የስፖርት ሞተር ላይ ግን ፊት ወደ ታች ይወርድና ዓይን በሌንሱ የላይኛው ክፍል አሻግሮ ያያል። እንዲህ ያለ ሞተር የሚነዳ ሰው የሌንሱ መሃል ከፍ ብሎ እንዲሠራለት መናገር አለበት። የሚስተካከል የአፍንጫ ማረፊያ ያለው ፍሬምም በዚህ ይረዳል። ፊትን የሚጠቀልለው ጎባጣ የስፖርት መነጽር ነፋስ በመከልከል ወደር የለውም፤ ነገር ግን ሌንሱ ስለሚያዘነብል ለዚያ ጉባጤ ተሰልቶ ካልተሠራ ጎኖቹ ያወዛውዛሉ። ቁጥሩ ከ4.00 በላይ የሆነ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሞተረኛ ለብቻው የሚነገረው አለ። ባይፎካል (የሩቅና የንባብ ቁጥር በአንድ ሌንስ የያዘ) ወይም ፕሮግረሲቭ (ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ የሚለወጥ) የሚያደርግ ሰው የሌንሱ ታችኛው ክፍል ለ40 ሴንቲሜትር ንባብ የተሠራ ነው። የፍጥነት መለኪያው ግን ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይርቃል። ከዚህ የሚከፋው የጎን መስተዋት ነው። መስተዋቱ ቅርብ ስለሆነ ሰው በቅርብ ማያው በኩል ያየዋል፤ ይደበዝዝበታል። ምክንያቱም ዓይን የሚያየው መስተዋቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ምስል ነው። ጠፍጣፋ መስተዋት ውስጥ 30 ሜትር ወደ ኋላ ያለ መኪና ለዓይን 30 ሜትር ርቆ ይገኛል። ጎባጣ በሆነውም ቢሆን ምስሉ የሚቀመጠው አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀት ላይ ነው፤ ከንባብ ርቀት በእጅጉ ይለያል። ስለዚህ ለሞተር የሚሠራ ባይፎካል የንባብ ቁራጩ ከተለመደው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገጠም። ፕሮግረሲቭ ከሆነ የሌንሱ ቁመት ከ30 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ጎኖቹ የደበዘዙ ስለሆኑም መስተዋቱን በዓይን ጥግ ከማየት አንገትን ማዞር ይለመድ። የፍጥነት መለኪያው ያለ ቅርብ ቁጥር የሚነበብ ከሆነ ግን ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ የሩቅ ብቻ የሆነ መነጽር ለሞተር ማሠራት ነው። ስልክ ላይ አድራሻ የሚያነብ ዕቃ አድራሽ ይህን አይችልም፤ ቆሞ ለሚያነበው ስልክ ሲባል ባይፎካሉን ይይዛል።

ፀሐይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በዚህ ከፍታ የሚውል ዓይን በቆላ ካለው የበለጠ ይመታል። አቧራ ሲታከልበት ከዓይን ነጭ ተነስቶ ወደ ብሌኑ የሚያድገው ሥጋ ይመጣል። ደግነቱ ፖሊካርቦኔት ይህን ጨረር ጥቁር ሳይሆንም ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ይከለክላል። ጥቁረት የሚያስፈልገው ለምቾት ነው፤ ለጥበቃ አይደለም።

በጥቁረት ላይ ሰው የሚስተው ሒሳቡ ተባዢ መሆኑን ነው። የአውሮፓው የሄልሜት ደንብ ነጩ ቪዘር ቢያንስ 80 ከመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያዛል፤ 50 ከመቶ የሚያሳልፍ ጥቁር ቪዘር የሚፈቀደው ለቀን ብቻ ነው። የተለመደው የፀሐይ መነጽር፣ ምድብ 3 የሚባለው፣ ከ8 እስከ 18 ከመቶ ያሳልፋል። 15 ከመቶ የሚያሳልፍ መነጽር በጥቁር ቪዘር ሥር ሲደረግ ዓይን የሚደርሰው 7.5 ከመቶ ብቻ ነው። ይህ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ወደማይፈቀደው ወደ ምድብ 4 መግባት ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ምንም አይታወቅም፤ ድልድይ ሥር በሚገቡበት ሴኮንድ ግን ፊት ለፊት የቆመው መኪና ይጠፋል።

ከፀሐይ ጋር የሚጠቁረው ሌንስ ለሞተረኛ ብዙ ጊዜ የባከነ ገንዘብ ነው። የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ቪዘሩ ደግሞ ያንኑ ጨረር ይዞ ያስቀራል። ሰውየው ቪዘሩን ዘግቶ ሲነዳ ሌንሱ እንደነጣ ይውላል፤ ከሞተር ወርዶ ሲቆም ይጠቁራል። ፖላራይዝድ የሚባለው፣ ከመንገድና ከውኃ ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን የሚቆርጠው ሌንስም ለመኪና ጥሩ ሆኖ ለሞተር ያስቸግራል። ቪዘሩ ላይ የቀስተ ደመና ነጠብጣብ ያሳያል፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰን ዘይትና ውኃ ብልጭታ ይሰርቃል፣ ሞተረኛ ደግሞ ያንን ብልጭታ አይቶ ነው የሚርቀው። በብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ያለው የዲጂታል ሰሌዳም በተወሰነ ማዕዘን ሲያዩት ፍጹም ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ሌንሱን በሰሌዳው ፊት ይዘው ያዙሩት፤ በሁለት ሴኮንድ ይታወቃል።

የሚሻለው አንድ ነጭ የታዘዘ መነጽርና ውስጡ የሚወርድ የፀሐይ መከለያ ያለው ሄልሜት ነው። በእኛ ሰማይ ድንግዝግዝታው አጭር ነው፤ አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ስታበራ ቆይታ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። መከለያው በአውራ ጣት ይነሳል፤ የፀሐይ መነጽር ግን መቆምና መቀየር ይጠይቃል። መከለያው ሲወርድ ፍሬሙን እንዳይነካ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

ክረምትና እንፋሎት

ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው ትንፋሽ የሰውነትን ሙቀት የተጠጋ፣ በእርጥበት የተሞላ ነው። የነሐሴ ጠዋት አየር መነጽሩን ሲያቀዘቅዘው ያ እርጥበት ሌንሱ ላይ ጠብታ ሆኖ ያርፋል። ሲነዱ ነፋስ ስለሚያደርቀው አይታወቅም፤ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ በጥቂት ሴኮንዶች ይሸፍናል። ስለዚህ መፍትሔው ትንፋሹ ወደ ላይ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ከአዲስ ሄልሜት ጋር የሚመጣው፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው የጎማ ከለላ ለዚህ ነው የተሠራው፤ ብዙ ሰው ግን ያስጨንቀኛል ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ይመለስ። የአገጩ አየር ማስገቢያ ክፍት ይሁን። ለአቧራ ተብሎ አፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ወይም ጭምብል ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ ነው፤ ትንፋሹን ሁሉ በላይኛው ጠርዝ በኩል በቀጥታ ወደ ሌንስ ይልከዋል። ጨርቁን ትተው የማይሆን ከሆነ የላይኛውን ጠርዝ ከፍሬሙ ሥር አስገብተው መነጽሩን በላዩ ያስቀምጡ።

ቪዘሩ ውስጥ የሚገጠመው ፒንሎክ የሚባል ሁለተኛ ሽፋን ግሩም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚያድነው ቪዘሩን እንጂ መነጽሩን አይደለም። ለመነጽሩ ርካሹ ዘዴ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሌንሱን በውኃ አጥበው አንድ ጠብታ በጣት በስሱ ይቀቡ፤ ሳይለቀለቅ ይድረቅ፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ይወልውሉ። ለጥቂት ሰዓታት ይይዛል። ለመነጽር የሚሸጥ ፀረ እንፋሎት ፈሳሽ ከተገኘ ይበልጥ ይቆያል፤ ኮቲንግ ላለው ሌንስ የሚሆን መሆኑን ግን ይጠይቁ።

ኮንታክት ሌንስ እንፋሎትም ክንድም የለበትም። ለዚህ አገር አቧራ ግን ይከብዳል፤ ነፋስ ያደርቀዋል፣ አንዲት ብናኝ ሥሩ ከገባች ዓይን ተጨፍኖ መንዳት ነው። የሚያደርግ ሰው ቪዘሩን ዘግቶ፣ በየቀኑ የሚጣለውን ዓይነት ተጠቅሞ፣ በቧንቧ ውኃ ሳይነካካ ይልበስ፤ መነጽሩም ቦርሳው ውስጥ ይኑር። ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት የሚያደርግ ሰው በመነጽሩ ላይ የሚደረብ ሰፊ ጎግል ያስፈልገዋል። መነጽር ብቻውን ከጎንና ከሥር ክፍት ነው፤ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሐይቅ ዳር ከተሞች ምሽት ላይ የሚነዳ ሰው ትንኙ በየት እንደሚገባ ያውቀዋል።

አያያዝ፣ እና ከውጭ የሚላክ መነጽር

አቧራ የለበሰ ሌንስን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይፍሰስበት፤ ከዚያ ሳሙና፤ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ። ቤንዚንና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጣጥቃሉ፤ የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚባለውም ኮቲንጉን ፍቆ ሌንሱን ያደበዝዛል። በቀን ሃያ ጊዜ ሄልሜት የሚያወልቅና የሚያጠልቅ ሰው የማጠፊያው ብሎን ቶሎ ይላላበታል። ብሎኑን አጥብቀው ራሱ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ቢያደርጉ ንዝረት በቀላሉ አይፈታውም።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መነጽር ልላክልህ ሲል መልካም ዕድል ነው፤ ትራይቬክስና የጥንካሬ ምልክት ያለው ፍሬም እዚያ በቀላሉ ይገኛልና። ቁጥሩን ብቻ መላክ ግን አይበቃም። የማዘዣው ፎቶ ከነቀኑ፣ የእያንዳንዱ ዓይን ፒዲ ለየብቻው፣ አሁን የሚያደርጉት ፍሬም ሦስት ቁጥሮች፣ የሄልሜቱ ዓይነትና የሚፈለገው ክንድ ቀጭንና ቀጥ ያለ መሆኑ አብረው ይላኩ። በአሜሪካ የሚገዛ ከሆነ በሐኪም ቁጥር የተሠራ የጥንካሬ መነጽር ፍሬሙ ላይ ዜድ 87-2 ተብሎ የመደመር ምልክት ይከተለዋል። ማዘዣው ከአንድ ዓመት ካለፈው መጀመሪያ ዓይን ይመርመር፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሳምንት አይለካ፣ ቁጥሩ አብሮ ይለዋወጣልና።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አይጣል። ቁጥሩ በ0.50 ቢለይ እንኳ መንገድ ላይ መነጽር ለተሰበረበት ሰው ወደ ቤት ያደርሳል። በጠንካራ ማኅደር ውስጥ ሆኖ በሚታዘለው ቦርሳ ይቀመጥ። ኮርቻ ሥር ያለው ሳጥን አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ሙቀት ኮቲንጉን እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጥቀዋል።